የዘማቹ መምህር ታሪክ ከየት ይጀመር?

ጠያቂያችን የላኩልንን ረዘም ያለ ደብዳቤ እንዲህ አሳጥረነዋል።

«አያቴ 93 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነው ኮሪያ ዘምተዋል፤ በኋላም በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ሆነው 22 ዓመት አስተምረው በ1979 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተዋል። ስድስት ልጆች ያሳደጉት በዚያ ደመወዝ ነው። ቤተሰቡ ታሪካቸውን እንድጽፍ አደራ ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን ሦስት ችግሮች ገጥመውኛል። ስለ ጦርነቱ ስጠይቃቸው ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ስለ ወርክሾፑ ግን ካላቋረጥኳቸው እስኪመሽ ያወሩኛል። ታላቁ አጎቴ ደግሞ ‹አባታችን ከመጀመሪያው ቃኘው ጋር ዘምተው ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ላይ ተዋግተዋል፤ እንደተመለሱም መምህር ሆኑ› ይላሉ። ሆኖም በወታደር ልብስ የተነሡት ፎቶ ጀርባ ላይ ‹1953› ተብሎ ተጽፏል፤ የመምህርነት ቅጥር ደብዳቤያቸውም የ1957 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ አልገጥም አለኝ። በመጨረሻም ዘመዶቼ የሚፈልጉት የጀግንነቱን ታሪክ ነው፤ ‹ስለ መጋዝና ስለ መላጊያ ማን ያነባል?› ይሉኛል። ሜዳልያቸው ያለው ራሳቸው በሠሩት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሌላ ብዙ ማስረጃ የለኝም። ምን ልጻፍ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ጥያቄዎችዎን በደብዳቤዎ ቅደም ተከተል አልመልስም፤ የመጨረሻው የሌሎቹን በር የሚከፍት ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከቻቸው የቃኘው ሻለቆች በየዓመቱ ገደማ ይተካኩ ስለነበር አያትዎ ኮሪያ የቆዩት ምናልባት አንድ ዓመት ቢሆን ነው። ወርክሾፕ ውስጥ የቆሙት ግን 22 ዓመት ነው፤ ስድስቱ ልጆች የበሉት፣ የለበሱትና የተማሩትም ከዚያ በተገኘ ደመወዝ ነው። የአንድ ሰው የዘመቻ ማስታወሻ ቢጠየቁ ኖሮ ዘመዶችዎ ትክክል በሆኑ፤ የተጠየቁት ግን የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ቤተሰቡም የኖረው በመጋዙና በመላጊያው ነው። ስለዚህ ወርክሾፑን አይዝለሉት፤ እንዲያውም መጽሐፍዎን ከእሱ ይጀምሩ።

ዘመዶችዎ ስለዚህ ክፍል «ማን ያነባል?» ማለታቸው ከልብ ይሁን አይሁን እጠራጠራለሁ። በአገራችን የእጅ ሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ብረት የሚሠራው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ የየራሱ ስድብ ነበረው፤ ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ ባለሙያን መሳደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የመንግሥት የሙያ ትምህርት ቤት መከፈቱ፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባው ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም. መቋቋሙ፣ ሙያውን በማስተማሪያ ክፍል ውስጥ አስገባው እንጂ ንቀቱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። ከክብር ዘበኛ ወጥቶ መላጊያ የጨበጠ ሰው በብዙ ጎረቤት ዓይን ከፍ ካለው ወንበር ዝቅ ወዳለው እንደወረደ ይታይ ነበር። አጎትዎ የአባታቸውን ጦር ሜዳ እያጎሉ ወርክሾፑን የሚያሳንሱት በልጅነታቸው የ«አናጢ ልጅ» ተብለው ስለነበር ሊሆን ይችላል። ይህን እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፤ ነገር ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አጎትዎን ይጠይቋቸው፤ መልሳቸውም ራሱ የቤተሰቡ ታሪክ አካል ነው።

አሁን ወደ ዘመኑ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተጓዘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው በ1944 ዓ.ም. ተካው፤ ሦስተኛው ደግሞ በሚያዝያ 1945 ዓ.ም. ደረሰ። የተኩስ አቁሙ ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የሄዱት ሻለቆች ሰላም አስከባሪዎች ነበሩ። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ሻለቆቹ የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነበር፤ ይህም ለማስረጃ ፍለጋ ይጠቅምዎታል፤ የአሜሪካኖቹ የዕለት የውጊያ ዘገባ ስለ ቃኘው የሚናገርበት ቦታ ብዙ ነውና።

ታላላቆቹ የፖርክ ቾፕ ኮረብታ ውጊያዎች የተካሄዱት በፈረንጆቹ 1953፣ ማለትም በእኛ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 1945 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው፤ የኢትዮጵያውያኑ ስም የተነሣባቸው በዚያ አካባቢ የነበሩት ዮክ እና አንክል የተባሉ የግንባር ቀደም ምሽጎች ከጥቃት የተጠበቁትም በግንቦት 1945 ነው። በ1943 የሄደው የመጀመሪያው ሻለቃ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ አያትዎ ሁለት ጊዜ ዘምተው ካልሆነ በቀር የአጎትዎ ዐረፍተ ነገር ሁለቱም ግማሾች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ወይ የመጀመሪያው ቃኘው፣ ወይ ፖርክ ቾፕ። እንደ እኔ ግምት ኮረብታው እውነት፣ «የመጀመሪያው» የሚለው ደግሞ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው። የቦታ ስም ከሰው አፍ በቀላሉ አይፈጠርም፤ «አንደኛ» የሚል ቅጽል ግን በየሠርጉና በየልቅሶው ሲነገር ራሱን በራሱ ይለጥፋል። ሦስተኛ ሻለቃ መሆን የሚያሳንሰው ነገር የለም፤ ለአጎትዎም ይህን ቢያስረዷቸው ክርክሩ ይለዝባል ብዬ አስባለሁ።

እውነተኛው እንቆቅልሽ ያለው በፎቶው ጀርባ ነው። «1953» የሚለው ቁጥር በእርስዎ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ዓመታትን ሊያመለክት ይችላል። በፈረንጆቹ ከሆነ ጦርነቱ ያበቃበት ዓመት፣ በእኛ 1945 ነው፤ ያኔ ፎቶው የኮሪያ ወይም ከኮሪያ መልስ የተነሡት ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን 1953 የታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው፤ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር ሆነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በነበሩበት ጊዜ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው የከሸፈባቸው ወር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ ተበትኖ እንደ አዲስ ተደራጀ፤ ብዙ ሰው ታሰረ፣ ብዙ ሰው ከሥራው ወጣ። ከተራ ወታደሮቹ ብዙዎቹ ለምንና በማን ላይ እንደተሰለፉ በውል ሳያውቁ ነበር የተሰለፉት።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፎቶውን ወደ መስኮት አቅርበው ይመልከቱት። የፎቶ ቤት ማኅተም አለው? በየትኛው ፊደል? ቁጥሩ የተጻፈው በአያትዎ እጅ ነው ወይስ በሌላ ሰው? የቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ ካለው ፊርማ ጋር ያስተያዩት። በልብሱ ላይ ያለው ምልክት፣ የማዕረጉ ጭረት ብዛት፣ ከበስተኋላቸው የሚታየው ዛፍና አፈር፣ ካፖርቱ፣ ሁሉም ይናገራል። ቁጥሩ ፲፱፻፶፫ ተብሎ በግእዝ አኃዝ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ የውጭ አገር ሰው እንዲህ አይጽፍምና። ከዚህ በኋላ በሚያገኙት ወረቀት ሁሉ ላይ ዓመቱን እንደተጻፈ ገልብጠው፣ በየትኛው አቆጣጠር ነው ብለው እንደሚያምኑና ለምን እንደሆነ ከጎኑ ያስፍሩ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱን ልዩነት በጭንቅላት እያሰሉ መጻፍ ብዙ የቤተሰብ ታሪክ ያበላሸ ልማድ ነው፤ ከነዚያም አንዱ የእኔ ነበር፤ አባቴን ከታላቅ ወንድሙ ቀድሞ እንዲወለድ አድርጌው ነበር።

ምናልባት ጥያቄው ለእርስዎም ተሰምቶዎት ሊሆን ይችላል፤ የፎቶው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ከ1953 እስከ 1957 ዓ.ም. አያትዎ የት ነበሩ? አጎትዎ «እንደተመለሱ መምህር ሆኑ» ሲሉ የዘለሉት ቢያንስ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ ከነዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ አራቱ ወረቀት የሌላቸው ናቸው። በታኅሣሡ ነገር ውስጥ ነበሩበት አልልም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ያለ ማስረጃ የሰውን ስም ማንሣት ነው። ሙያውን ሲማሩ ቆይተው ሊሆን ይችላል፤ የእንጨት ሥራ መምህር በአንድ ቀን አይወጣምና። ነገር ግን አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በዚያ ሰሞን ጠመንጃውን ትቶ ሌላ ኑሮ የጀመረ ከሆነ፣ ዝምታው ስለ ኮሪያ ብቻ ላይሆን እንደሚችል ልብ ይበሉ። ከዚያ ደግሞ ደርግ መጣ፤ ለንጉሡ ዘበኛ የነበረና በኮሚኒስት ጦር ላይ የተኮሰ ሰው፣ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን፣ ሜዳልያውን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም። ልጆቻቸው ባደጉበት በዚያ ዘመን ዝም ማለትን የለመዱ ሰው ዛሬ ስለ ተጠየቁ ብቻ አይናገሩም።

ታዲያ እንዴት ይጠየቁ? ስለ ጦርነቱ አይጠይቋቸው። ይህን ስል ታሪኩን ይተዉት ማለቴ አይደለም፤ በር የሌለበትን ግድግዳ አይግፉ ማለቴ ነው። እሳቸው በራሳቸው ፈቃድ የከፈቱት በር ወርክሾፑ ስለሆነ በዚያ ይግቡ። እንደ ደብዳቤዎ ከሆነ እስኪመሽ ያወራሉ፤ ያ ትልቅ ሀብት ነው፤ እርስዎ ግን «ስለ ጦርነቱ መቼ ይመጣ ይሆን?» እያሉ ግማሹን ሳያዳምጡት እንዳልቀረ እፈራለሁ። ለተማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ሥራ ምን ነበር፤ በርጩማ ነው ወይስ ሣንቃን አራት ማዕዘን አድርጎ መላግ ብቻ? መሮ እንዴት ይሳል ነበር? እንጨቱ ከየት ይመጣ ነበር፤ ዋንዛ ሲጠፋ በምን ተካችሁ? ሞርሳው ስንት ነበር፤ ለስንት ተማሪ? እጁን የቆረጠ ልጅ ነበር? ያን ቀን ምን አደረጉ? ከክፍሉ ማን ጥሩ አናጢ ወጣው፤ ማንስ ተስፋ ሳይደረግበት ሰው ሆነ? እነዚህ በሁለት ቃል የማይመለሱ ጥያቄዎች ናቸው።

እግረ መንገድዎን አንድ ነገር ይከታተሉ። ወታደር የነበረ መምህር ወርክሾፑን የሚመራበት መንገድ አለው። የየመሣሪያው ቅርጽ ግድግዳ ላይ በቀለም ተሥሎ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መሮና መጋዙ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ተማሪ የማይወጣበት ክፍል ከሆነ፣ «ይህን ቆጠራ የት ለመዱት?» ብለው ይጠይቁ። ምናልባት መልሱ «ጦር ሠፈር» ይሆናል፤ ምናልባትም ከዚያ ቀጥሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይመጣል፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ መርከቡ፣ ስለ አንድ ጓደኛ። ሲመጣ አይቸኩሉ፤ ማስታወሻ ደብተርዎን ገልበጥ ገልበጥ አያድርጉ፤ «ከዚያስ?» ከማለት በላይ አይናገሩ። ካቆሙም ይቁሙ፤ ወደ መላጊያው ይመለሱ። በአንድ ጊዜ ከአርባ ደቂቃ በላይ አያስቀምጧቸው፤ በዚህ ዕድሜ ጠዋት ከማታ ይሻላል። በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅዱ፤ ነገር ግን አስቀድመው ያስፈቅዷቸው፤ የተቀዳውንም በዚያው ቀን በሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከጠየቋቸው በኋላ እንቅልፍ የሚነሣቸው ወይም የሚያስጨንቃቸው ከሆነ ይተዉትና ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ መጽሐፍ ከአዛውንት ሰላም አይበልጥም።

ስለ ፎቶውና ስለ 1953ቱ ጥያቄ ግን ሌላ ሥርዓት ይከተሉ። ዘመድ በተሰበሰበበት አይጠይቋቸው፤ በተለይ አጎትዎ ባሉበት። ብቻቸውን ሲሆኑ ፎቶውን እጃቸው ላይ ያኑሩና «አባባ፣ ይኼ የት የተነሡት ነው?» ብቻ ይበሉ። ዓመቱን አይጥቀሱ፤ የጠረጠሩትንም አይናገሩ። የታኅሣሡን ነገር ራሳቸው ካነሡት፣ ሲጨርሱ «ይህን ልጻፈው ወይስ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር?» ብለው ይጠይቁና ያሉትን ያክብሩ። ባያነሡት ደግሞ በጽሑፍዎ ውስጥ «ከ1953 እስከ 1957 ዓ.ም. ስላለው ጊዜ ወረቀት አልተገኘም» የምትል አንዲት መሥመር ትበቃለች። ክፍተትን ክፍተት ብሎ መተው ከመሙላት ይልቅ ታማኝነት ነው።

ወረቀት ፍለጋውን በአጭሩ ልናገር። ከሁሉ በፊት የጡረታ ማኅደራቸውን ይፈልጉ፤ ጡረታ የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመን ስለሆነ ወታደር ቤት የቆዩበት ጊዜም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል፤ የእርስዎን ክፍተት የሚዘጋው ከየትኛውም ይልቅ ያ ማኅደር ነው። ቀጥሎ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርን ይጎብኙ፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለው የመታሰቢያ ሥፍራም የወደቁትን የሚያስታውስ ስለሆነ አያትዎ መሄድ ከቻሉ አብረው ቢሄዱ፣ ካልቻሉ ግን ፎቶ አንሥተው ቢያሳዩአቸው መልካም ነው፤ ድንገት የሚጠሩት ስም ይኖራል። በባዕድ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር ካገኙ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አይፈልጉ፤ «ኃይለ»፣ «ገብረ»፣ «ወልደ» ያለበት ስም በሦስት አራት መልክ ይጻፋል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም መስሎ ፊት ይወጣል፤ በአያቱ ያደገ ሰው ደግሞ የአያቱን ስም እንደ አባት ስም አድርጎ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። «ቃኘው» ብለው ሲፈልጉ አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ እየገባ እንዳያሳስትዎት፤ ስሙ የሁለቱም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም የመጣ ነው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ከደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ሰው ጠፍቷል፤ ሴት አያትዎ። ስለ እሳቸው አንድ ቃል የለም፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አላወቅሁም። ዘር ስንቆጥር አባት ከአባት እያያያዝን እስከ ሰባት ቤት እንወጣለን፤ እናቶቹ በመንገድ ይቀራሉ። ባል ዘበኛነቱን ትቶ ገና መምህር ባልሆነበት ጊዜ ቤቱ በምን ቆመ? ጠላ ሸጡ? ፈተሉ? ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመለሱ? ወረቀት የሌለውን የአራት ዓመት ክፍተት በሕይወት ያለ ሰው የሚያስታውሰው ከሆነ የሚያስታውሰው በዚህ በኩል ነው። ሴት አያትዎ ካለፉ የእሳቸውን ታናሽ እኅት ወይም የጎረቤት እድርተኛ ይፈልጉ፤ የመጀመሪያ ልጅ የተወለደው የትኛው ቤት ውስጥ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው፣ የጠፋብዎትን ዓመት አብሮ ያስታውሳል።

ስለ አጎትዎ የማሳስብዎት አንድ ነገር ነው። የእሳቸውን ታሪክ አይሰርዙት። እሳቸው በሚናገሩበት መልክ፣ በእሳቸው ስም፣ «ታላቅ ልጃቸው እንዲህ ሲል ሰምተነዋል» ብለው ይጻፉት፤ ከሥሩ ዓመታቱን ያስቀምጡ። ልጅ አባቱን በምን ዓይን እንዳየው ማወቅ ራሱ ለልጅ ልጆች የሚጠቅም ነገር ነው፤ ዓመታቱን የሚያነብ ሰውም የቱ የቱ እንደሆነ ይለያል። ከመታተሙ በፊት ግን ያንን ገጽ ለአጎትዎ ያስነብቧቸው፤ ከመጽሐፍ ላይ ድንገት እንዲያገኙት አያድርጉ።

በመጨረሻም ስለ ሣጥኑ። ሜዳልያውን አውጥተው ካያችሁት በኋላ ሣጥኑን መልሳችሁ እንደዘጋችሁት እገምታለሁ። እስቲ ባዶ ያድርጉትና ገልብጡት። አናጢ፣ በተለይ የሚያስተምር አናጢ፣ ሥራው ሲያልቅ በማይታየው ወገን፣ በታችኛው ሣንቃ ወይም በክዳኑ ውስጥ፣ በእርሳስ ቀንና ስም የሚጽፍበት ጊዜ አለ፤ አብሮት የሠራውን ተማሪ ስምም ጭምር። ማዕዘኖቹ ጥርስ በጥርስ የተነካከሱ ናቸው ወይስ በምስማር የተመቱ? ይህንንም አይተው ይጻፉ። ጽሑፍ ካገኙ ሣጥኑን ይዘው አያትዎ ዘንድ ይሂዱና ያነበቡትን ያንብቡላቸው፤ ዓመተ ምሕረት ካለበት ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደጻፉት ይጠይቋቸው።